የአባዬ ሽርጥና የሐረማያ ነፋስ

ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ሰው ውሃን በሁለት መልኩ ነው የሚያውቀው። አንዱ ጎርፍ ነው። ሌላው ጀሪካን።

ጎርፉን ለድሬ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ደቻቱ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ግመል ይሻገርበታል፣ ከከዚራ ወደ መጋላ የቸኮለ ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል። ከዚያ አንድ ሌሊት ደጋው ላይ ይዘንባል፣ እኛ ጋ ጠብ ሳይል ወንዙ ይመጣል። የ1998ቱን የሐምሌ መጨረሻ ጎርፍ የረሳ የለም። ከ200 በላይ ሰው ነው ይዞ የሄደው። አሁን ግንብ ተገንብቶለታል፤ ግን እናቴ እስክትሞት ድረስ ሌሊት ነጎድጓድ ከሰማች አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ነበር የምታነጋው።

ጀሪካኑ ደግሞ ያው ቢጫው፣ ባለ 20 ሊትሩ ነው። ውሃ በወረፋ ይመጣል፣ አንዳንዴ ወረፋውንም ይረሳል። እኛ ቤት ስድስት ጀሪካን አለ። ቁጥራቸውን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛ መልክ እንዳለው የነገረኝ ልጄ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። አንድ የክፍሉ ልጅ ጀልባ ላይ ቆሞ ሲጨፍር የተቀረጸውን ቲክቶክ ላይ አይቶ መጣ።

«እማ፣ እኛም ጀልባ እንሂድ።»

«የት ያለ ጀልባ?»

«ሐረማያ!»

ደርቆ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ መመለሱን አውቃለሁ። ጨርቅ ነጋዴ ነኝ፤ ሱቄ ቀፊራ አካባቢ ነው፣ ሐረርም ደንበኞች ስላሉኝ በየሁለት ሳምንቱ እመላለሳለሁ። በአባዱላው መስኮት ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ግን ማየት ሌላ፣ መውረድ ሌላ። ሁልጊዜ ጭኔ ላይ ፌስታል አለ፣ ሁልጊዜ ተሳፋሪው ይቸኩላል። «ውይ ሲያምር» ብዬ አልፈዋለሁ።

አባዬ ከሳሎን ሰምቶ ኖሯል። «እኔም እሄዳለሁ» አለ።

አባዬ 74 ዓመቱ ነው። ዕድሜውን የጨረሰው በድሮው ባቡር ላይ ነው። ድሬና ጅቡቲ መሀል ስንት ሺህ ጊዜ እንደተመላለሰ ራሱም አያውቀውም። ዛሬም ሲቆጣ በፈረንሳይኛ ነው የሚቆጣው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጠዋት ጋዜጣ፣ ቀን እንቅልፍ፣ ማታ ደግሞ ከሰፈር ሽማግሌዎች ጋር ዳማ። የትም እንሂድ ስንለው «ጉልበቴን» ይላል። ጀልባ ሲባል ግን ጉልበቱ ተረሳ።

አንድ የጥቅምት እሑድ ማለዳ ሦስታችን ወጣን። ከድሬ ሐረማያ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን አገሩ ሌላ ነው። እኛ 1200 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጠን እንቀቀላለን፣ እነሱ ደግሞ 2000 ሜትር ላይ ነፋስ ይመታቸዋል። መኪናው ያንን ጠመዝማዛ ዳገት እየታጠፈ ወደ ደንገጎ ሲወጣ ጆሮ ይደፈናል። ከፊት ወንበር ያለው መስኮት ይዘጋል፣ ቀጥሎ የመሀሉ፣ ደንገጎ ላይ ሁሉም ሹራብ ፍለጋ ቦርሳ ይከፍታል። የድሬን ሰው በዚህ ነው የምትለዩት። የሐረር ሰዎች ይስቁብናል።

ከደንገጎ ወዲያ መንገዱ ለጥ ይላል። አዴሌ ላይም ውሃ አለ፣ እሱን ካለፋችሁ ብዙም ሳትቆዩ በጎን በኩል ዋናው ይመጣል። «ሐሮ» በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ነው። እኛ ልጆች ሆነን ዓለማያ ነበር የምንለው፣ የእርሻ ኮሌጁንም ዓለማያ። ያ በ1940ዎቹ ከአሜሪካው ኦክላሆማ ጋር ተባብረው ያቋቋሙት ኮሌጅ ነው ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሆነው።

እኔ ሐይቁን መጀመሪያ ያየሁት በ1986፣ በትምህርት ቤት ጉዞ ነው። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ከአውቶብስ ስወርድ «ይኼ ሁሉ የማን ነው?» ብዬ አስተማሪያችንን መጠየቄ ትዝ ይለኛል። ውሃ ባለቤት ሳይኖረው፣ በርሜል ውስጥ ሳይሆን፣ ሜዳ ላይ ዝም ብሎ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅማ።

ከዚያ አሥር ዓመት እንኳ በደንብ ሳይሞላ ደረቀ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ፣ ንግድ ስጀምር፣ ያው መንገድ ላይ ሳልፍ ላሞች ይግጡበት ነበር። ሣር ነበር፣ ኳስ ሜዳ ነበር። ሾፌሩ በእጁ እያሳየ «እዚህ ጋ ሐይቅ ነበር» ሲል፣ ስለ ሞተ ዘመድ እንደሚያወራ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር።

ማን ጠጣው? ሁላችንም። የሐረር ከተማ ከሱ ነበር የምትጠጣው፣ የሐረማያ ከተማም አወዳይም። ዙሪያውን ገበሬው ፓምፕ ተከለ። ድንች፣ ሽንኩርት፣ ካሮት አመረተ፤ እሱም በጅቡቲና በሶማሌ በኩል ወጣ። ከሁሉ በላይ ግን ጫት ነው። ውሃው ወደ መሀል ሲሸሽ የፓምፑ ጎማ እየረዘመ ተከተለው፣ ጎማው አልደርስ ሲል ሐይቁ ወለል ላይ ጉድጓድ ተቆፈረ። የተራቆተው ኮረብታ ደግሞ በየክረምቱ አፈሩን እያወረደ ከላይ ሞላበት። ከታች ይጠጣል፣ ከላይ ይደፈናል። ምን ያድርግ?

በገበሬው ላይ ጣት መቀሰር ቀላል ነው። እኔ ግን በርጫ ላይ ተቀምጬ፣ የአወዳይ ጫት ካልሆነ ያልኩበትን ቀን አልረሳም። አንድ ዙርባ ጫት ስንት ውሃ ጠጥቶ እንደመጣ የሚጠይቅ ቃሚ አይቼ አላውቅም። የሚጠየቀው «ዛሬ የመጣ ነው?» ብቻ ነው። ሐረር ሐይቋን ካጣች በኋላ ደግሞ ከኛ ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ውሃው ያንን ሁሉ ዳገት ሽቅብ እየተገፋ ይሄድላታል። እኛ ዳገቱን ለሐይቁ ስንወጣ፣ በቧንቧ ውስጥ ውሃው ለሐረር ይወጣል። አስቡት እንግዲህ።

ሐይቁ ከ15 ዓመት በላይ ደርቆ ከርሞ ነው የተመለሰው። ተከታታይ ጥሩ ክረምት መጣ። ኮረብታው ላይ እርከን ተሠራ፣ ደለል ተጠረገ። የትኛው ነው የመለሰው በሚለው ላይ ሐረማያ ውስጥ ሁለት ሰው አይስማማም። ቀዛፊያችንን ጠየቅኩት። «ዝናብም ነው፣ እርከንም ነው፣ አላህም ነው» አለኝ። ክርክር የማይወድ ልጅ ነው።

ቀዛፊው ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ሐይቁ ሲደርቅ ገና አልተወለደም ወይም ጡት ላይ ነበር ማለት ነው። ኳስ የተጫወተበት ሜዳ ላይ ነው ዛሬ ጀልባ የሚቀዝፈው። «ጎሉ የት ነበር?» አልኩት። መቅዘፊያውን አንስቶ ወደ መሀል አመለከተ። «እዛ ጋ። አሁን ከላዩ ዳክዬ ነው ያለው።» እውነትም ዳክዬ ነበር።

ጀልባዋ በሰማያዊና በቢጫ የተቀባች፣ ሆዷ ጠፍጣፋ የሆነች የእንጨት ጀልባ ናት። አምስት ሰው ትይዛለች ይላሉ፤ እኔ አራት ነው የምለው። የመንሳፈፊያ ጃኬት ሁለት ብቻ ነበር፣ አንዱም ዚፑ አይዘጋም። ልጄን ደህናውን አለበስኩት። «ሌሎቻችንስ?» ስል ቀዛፊው ከጀልባዋ ወለል ላይ ክዳናቸው የጠበቀ፣ በገመድ የታሰሩ ሁለት ቢጫ ጀሪካኖች አሳየኝ።

«ይኼው እህቴ። ባዶውን ከታቀፍሽው አትሰምጪም።»

መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቀልድ አይደለም። አፉ በደንብ የተዘጋ ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ገደማ ክብደት ተሸክሞ ይንሳፈፋል፤ ሰው ደግሞ ውሃ ውስጥ ክብደቱ ትንሽ ነው። ሕይወቴን ሙሉ ሞልቼው ወገቤን የጎዳኝ ጀሪካን ባዶውን ይሸከመኛል ማለት ነው። ይህን ያወቅኩት በ42 ዓመቴ ነው።

ጠዋት ውሃው ዝም ያለ ነው። ተንጣሎ፣ ዙሪያ ኮረብታዎቹ ተገልብጠው ይታያሉ። ረጃጅም እግር ያላቸው ነጫጭ ወፎች ዳሩ ላይ ቆመው አሣ ይጠብቃሉ። ልጄ እጁን ውሃው ውስጥ ነክሮ አልወጣም አለ። «እማ ቀዝቃዛ ነው!» ይላል፣ መልሶ ይነክራል። የኛ ቧንቧ በቀን ሲመጣ ፈልቶ እኮ ነው የሚመጣው።

ከሰዓት በኋላ ነው ነገር የመጣው። ምሳ ዳር ላይ በላን፤ ቅቅል ድንች በዳጣ፣ የተጠበሰ በቆሎ፣ ከቤት የያዝነው ሳምቡሳ። አባዬ «ደግመን እንግባ» አለ። ገባን። ሐይቁ አንድ አራተኛ ላይ ስንደርስ ከደንገጎ በኩል ነፋስ ተነሣ። ውሃው ሽንሽን ቀሚስ መሰለ። ቀዛፊው ፊቱን አኮሳተረ።

አባዬ ግን አፍንጫውን ሰቅሎ ነፋሱን አሸተተው። ከዚያ ፌስታሉን ከፍቶ ሽርጡን አወጣ።

ሽርጡ የትም አይለየውም። ሱሪ ለብሶም ቢሄድ ሽርጡ በፌስታል አለች። ሰው ቤት ከገባ ሱሪውን አውልቆ እሷን ያገለድማል። አሁን ግን ትርፉን መቅዘፊያ ይዞ ጀልባዋ መሀል ላይ አቆመውና ሽርጡን በአንድ ጫፍ አሰረበት። ሌላውን ጫፍ ለእኔ ሰጠኝ።

«ያዢ። አትልቀቂ።»

«አባዬ ምን እያደረግክ ነው?»

«ጅቡቲ ሳምቡኮቹን፣ ባለ ሸራ ጀልባዎቹን፣ አላየሽም? ያዢ ብያለሁ!»

ሽርጡ ጧ ብሎ ተነፋ። ጀልባዋ ሄደች። ማንም ሳይቀዝፍ ማለት ነው። ከፊቷ ውሃው ሹ ሹ ይላል፣ ልጄ ይጮኻል፣ ቀዛፊው አፉን ከፍቶ ያያል። አባዬ በሱሪው ቆሞ በሁለት እጁ መቅዘፊያውን አቅፎ ይስቃል። አባቴን እንደዚያ ሲስቅ ያየሁት መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞክሬ አልቻልኩም።

አምስት ደቂቃ ገነት ነበር። ከዚያ ቀዛፊው ቀስ ብሎ «አባባ፣ እንዴት ነው የምንመለሰው?» አለ።

ሁላችንም ወደ ኋላ ዞርን። የተነሣንበት ዳር ጣት አክሏል። ነፋሱ ወደዚህ እየገፋን ነው፤ ያ ሽርጥ የሚያውቀው መንገድ አንድ ብቻ ነው፣ ነፋሱ የሄደበት። ወስዶ ወስዶ ሸንበቆና ጭቃ ውስጥ ዶለን። ለመመለስ ቀዛፊውና እኔ ተራ በተራ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀዘፍን። መዳፌ ተላጠ። በማግሥቱ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ መለካት አቅቶኝ ደንበኛ ራሷ ለካች። አባዬ በመንገድ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚለው፤ «ሦስት ማዕዘን መሆን ነበረበት።»

እንግዲህ ሰውየው ዳማ ትቶ ሳምንቱን ሙሉ ሱቄ መጣ። በጠመኔ ባንኮኒዬ ላይ ይሥላል። የጅቡቲ ሳምቡኮች ሸራ ሦስት ማዕዘን ነው፣ ግንዱ ላይ በሰያፍ የሚሰቀል። አራት ማዕዘን ጨርቅ ነፋስን ከኋላ ብቻ ነው የሚቀበለው። ሦስት ማዕዘኑን ግን በገመድ እየሳብክ አጥብቀህ ከያዝከው ነፋስ ከጎን ሲመጣም ይሠራል፣ ከፊት በሰያፍ ሲመጣም። በቀጥታ ነፋሱ ላይ መሄድ አይቻልም። ወዲህ በሰያፍ፣ ከዚያ ዞሮ ወዲያ በሰያፍ። «ልክ እንደ ደንገጎ ዳገት» አለኝ። «ቀጥ ብሎ የሚወጣ መኪና አለ?» ያኔ ነው የገባኝ።

ሁለተኛው ችግር የጀልባዋ ሆድ ነው። ሳምቡክ ከሥሩ ውሃውን እንደ ቢላ የሚሰነጥቅ ነገር አለው፤ ነፋስ ከጎን ሲገፋው ያ ነው ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚይዘው። የኛዋ ጠፍጣፋ ናት፣ እንደ ትሪ ትንሸራተታለች።

የጨርቁ ጉዳይ የእኔ ነው፤ እዚያ ላይ ማንም አያስተምረኝም። አቡጀዲ ይሁን አለ አባዬ። አቡጀዲ ነፋስ ያሳልፋል፣ ከራሰ ደግሞ እንደ እርሳስ ይከብዳል። የእቃ መሸፈኛው ሸራ ጠንካራ ነው ግን አይነፋም፣ ዝም ብሎ ይንጠለጠላል። በመጨረሻ የዝናብ ልብስ የሚሠራበትን ቀላሉን ናይሎን መረጥኩ። አፍን አስጠግቶ እፍ ሲሉት ከወዲያ ምንም አይወጣም፤ የሸራ ፈተናው ይኼው ነው። ደማቅ ብርቱካናማ ነበር፣ ከዓመት በላይ ማን ገዝቶት።

ሱቄ በር ላይ በሲንጀር የሚሰፋ ሰው አለ። ሦስት ማዕዘን፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ተኩል፣ ወርዱ ሁለት፣ ዙሪያው በድርብ የታጠፈ፣ እጥፋቱ ውስጥ ገመድ የገባበት ስለው መቀሱን አስቀመጠ።

«የምን መጋረጃ ነው ይኼ?»

«የጀልባ።»

ትንሽ አየኝ። «አቦ፣ ድሬ ውስጥ?»

«ሐረማያ።»

«ምርቃና ላይ ነሽ?» አለኝ። ግን ሰፋው፤ ማዕዘኖቹ ላይ ሳልጠይቀው የቆዳ ቁራጭ ደረበበት። ገንዘብም አልቀበል አለ፣ «ሲሄድ ቪዲዮ ላኪልኝ» ብቻ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ተመለስን። አሁን አውቀን ነው የሄድነው፤ ከቤት አራት ጀሪካን ባዶውን ይዘን፣ ክዳናቸው ሥር ፌስታል አስገብተን አጥብቀን። ለግንድ የሚሆን አንድ ቀጥ ያለ አጣና እዚያው ሐረማያ ገዛን። ቀዛፊው ከሩቅ አይቶን ሳቀ። «አባባ ሽርጡን ቀየሩት?» አለ።

እንዳይንሸራተት የሚያደርገውን ነገር ያገኘው እሱ ነው። አባዬ ሳንቃ እንቸንክር ሲል፣ ልጁ ጀልባውን ማበላሸት አልፈለገም። ትርፉን መቅዘፊያ አንስቶ ከጀልባዋ ጎን፣ ነፋሱ ከሚሄድበት በኩል ቀጥ አድርጎ ወደ ውሃው ሰደደና በገመድ አሰረው። ሰፊው ጫፍ ውሃ ውስጥ እንደ ግድግዳ ቆመ። ሌላውን መቅዘፊያ ከኋላ ይዞ መሪ አደረገው። አባዬ አየው፣ ምንም አላለም። ዝም ካለ ወዷል ማለት ነው።

ነፋሱ እንዳለፈው አልነበረም፣ ለስለስ ያለ ነው። ሸራው መጀመሪያ ፍርፍር እያለ ተርገበገበ፣ እንደ ተሰጣ ልብስ። አባዬ ገመዱን ሳብ አደረገው። መርገብገቡ ቆመ። ሆዱ ሞላ። በዚያች ቅጽበት ምንም ድምፅ የለም፣ ከጀልባዋ ሆድ ሥር ከሚሰማው ግልግል ከምትለው የውሃ ድምፅ በቀር። ነፋሱ ግራ ጉንጬን ይመታኛል፣ እኛ ግን ወደፊት እንሄዳለን። ከጎን እየተገፋን ወደፊት! እጄ ላይ ካልያዝኩት አላምንም ብዬ ገመዱን ተቀበልኩት። እንደ ጉልበተኛ ፍየል ይስባል።

«ዱስማን! ዱስማን!» ይላል አባዬ፣ በባቡር ጊዜው ፈረንሳይኛ። ቀስ በዪ ማለቱ ነው።

መዞሩ ግን አልሆነልንም ብል ይሻላል። ወዲያ በሰያፍ ሄደን ወዲህ ለመመለስ ስንዞር፣ ሸራው ወደ ሌላ ጎን በሚሻገርበት ጊዜ አጣናው የአባዬን ባርኔጣ ወሰደው። መቅዘፊያውንም ከአንዱ ጎን ፈትቶ ወደ ሌላው ጎን ማሰር አለ፤ እሱ እስኪታሰር ነፋሱ ወደ ኋላ ይመልሰናል። በአራት ሙከራ ሁለቴ ተሳካ። ከተነሣንበት ዳር በስተመጨረሻ የደረስነው ግማሹን በሸራ፣ ግማሹን በቀዘፋ ነው። ባርኔጣውን አላገኘነውም። ልጄ ግን «በነፋስ ላይ ሄድን» ብሎ ለክፍሉ ልጆች ተናገረ፣ ግማሽ እውነት ስለሆነ አላረምኩትም።

መሄድ ለምትፈልጉ ቶሎ ቶሎ ልበላችሁ። ክረምት ካለፈ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ውሃውም ሞልቶ ዙሪያውም አረንጓዴ ነው። ለመንሸራሸር ጠዋት ሂዱ፤ ነፋሱ እኛን የገጠመን ከቀትር በኋላ ነው፣ ጠንክሮ ከተነሣ ደግሞ ሸራም ቀዘፋም ይቅርባችሁ። ታኅሣሥ 19ን ግን ተጠንቀቁ፤ የቁልቢ ገብርኤል መንገደኛ ስለሚበዛ መኪና አታገኙም። ሹራብ፣ ባርኔጣ (አገጭ ላይ የሚታሰር!)፣ ዝርዝር ብር ያዙ። ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጋው በሰው ነው በጀልባ፣ ለስንት ደቂቃ ነው የሚለውን ጨርሱ። ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ፣ ወይም ጀሪካን ይዛችሁ ሂዱ። አትዋኙ፤ ከሥር ጭቃና ሣር ነው፣ እግር ይይዛል። ዳሩ ላይ የጫት ገረባና የውሃ ላስቲክ የሚጥል ሰው ካያችሁ ደግሞ እኔን ወክላችሁ ተቆጡልኝ። ሙዚቃ በትልቅ ስፒከር ይዞ የሚመጣውንም።

ሐረር አድራችሁ መመለስም ይቻላል፣ ቅርብ ነው። ማታ ጅብ ሲበላ ማየት፣ ጠዋት ጁገል ውስጥ መዞር። እኛ ግን በዚያው ቀን ተመለስን፤ በማግሥቱ ልጄ ትምህርት ነበረው።

ደንገጎን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሹራቡ አንድ በአንድ ወለቀ። ሙቀቱ ከታች ሲቀበለን ልጄ ትከሻዬ ላይ ተኝቷል፣ አባዬ ብርቱካናማውን ሸራ አጣጥፎ እንደ ሕፃን ታቅፎታል። «መዞሪያው ላይ ገመዱን ሁለት ማድረግ ነው» ይላል ለራሱ።

ቤት ስንደርስ ሦስት ሰዓት ነበር። ጫማዬን ሳላወልቅ ጎረቤቴ በሩን ደበደበችው።

«ኧረ ውጪ! ውሃ መጣች! ከአምስት ቀን በኋላ መጣች እኮ፣ ቶሎ በይ!»

ግቢው ሁሉ ይራወጣል። ቧንቧው ጋ ተሰልፈዋል። ሮጬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ሁለት ጀሪካን ብቻ ቆሟል።

አራቱ ሐረማያ፣ ጀልባው ላይ እንደታሰሩ ቀርተዋል።

ወደ ሳሎን ተመልሼ አባዬን አየሁት። እሱም አየኝ። ሽርጡን አገልድሞ ሶፋው ላይ ተዘርግቷል።

«ቅዳሜ ሄደን እናመጣቸዋለን» አለ።